ዝም ላላችሁልን ሁሉ

ይድረስ ለባሕር ዳር ሽምብጥ ጎረቤቶቼ፣ ለግቢያችን ሰዎች፣ ለዓሣ ነጋዴዎቹ፣ ለእንስሳት ሐኪሟ፣ ለብየዳ ቤቱ ልጆችና ለሰፈራችን ሕፃናት።

ድመታችን ዳማ ደህና ናት። መንገድ ላይ ስታገኙኝ ከእኔ ደህንነት በፊት የምትጠይቁኝ የእሷን ስለሆነ ከዚያው ልጀምር። እግሯ ድኗል። መረቡ የመለጠው ፀጉሯ ተመልሷል። አሁን ከሰዓት ከሰዓት በረንዳው ላይ ትተኛለች። ሰው ሲወጣ ሲገባ ጆሮዋን ቀሰር አድርጋ መልሳ ትተኛለች። ሐምሌ ላይ ያያችኋት ሰዎች ይህ ትልቅ ነገር መሆኑን ታውቃላችሁ።

ለየብቻችሁ እግዜር ይስጥልኝ ብያችኋለሁ። ግን አንዳችሁ የሌላችሁን ድካም አላያችሁም። ዓሣ ይልክ የነበረው ሰው የብየዳ ቤቱ ግራይንደር ለምን ቦታ እንደቀየረ አያውቅም። የብየዳ ቤቱ ልጆች ደግሞ በፍልሰታ ዓሣ ሲቀቅል የነበረው ማን እንደሆነ አያውቁም። ሁላችሁም ሁሉንም እንድትሰሙት ብዬ ነው በአደባባይ የምጽፈው።

ልጆች፣ መጀመሪያ የሰማችኋት እናንተ ናችሁ። ዝናቡ ከሌሊት ጀምሮ ሲወርድ አድሮ ገና ጋብ ማለቱ ነበር። ወደ ሐይቁ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለው ዲች አፉ ድረስ ሊሞላ ትንሽ ቀርቶታል። ከሲሚንቶ ክዳኑ ሥር የምታለቅሰውን ድመት ሰምታችሁ ቆማችሁ። ድንጋይ አልወረወራችሁም። በእንጨት አልጎረጎራችሁም። ግማሾቻችሁ ትልቅ ሰው ልትጠሩ ሮጣችሁ፤ ግማሾቻችሁ አፈር በጆንያ እየሞላችሁ ውሃው እንዳይደርስባት አገዳችሁ። እኛ ስንደርስ ውሃው ሆዷ ጋ ነበር። ያ ጆንያ ባይኖር የምጽፈው ደብዳቤም አይኖርም ነበር።

የኋላ እግሯን ጠፍሮ የያዛት ስስ የናይለን መረብ ነው። የመረቡ ጫፍ ደግሞ ከሲሚንቶው ከወጣ ፌሮ ጋር ተያይዟል። በሳበች ቁጥር ይጠብቅባታል። እዚህ ሐይቅ ዳር ለምንኖር ሰዎች ነገሩ ከየት እንደመጣ ግልጽ ነው። ዓሣው በሚራገፍበት ቦታ አንጀትና ራስ ሲጣል ከወፎቹ ቀድሞ የሚደርሰው ሻላ ነው። ከዚያ አባ ኮዳ ይመጣል። ድመቶቹ የተረፈውን ለመልቀም የሚወጡት ሲመሽ ነው። የተቀደደ መረብም እዚያው ይጣላል፤ እሱም ዓሣ ዓሣ ይሸታል። ታንኳ የሚሠራበት ደንገል ቢጣል ይበሰብሳል፣ ናይለን ግን ዓመታትን ያስቆጥራል።

ባጃጅህን አቁመህ ጭቃው ላይ በሆድህ የተኛኸው ወንድሜ፣ የዕለት ገቢህን ትተህ ነው። እግሯን አልጎተትክም። ምላጭ አስመጥተህ መረቡን አንድ በአንድ በጠስከው። ነከሰችህ፤ አልለቀቅካትም። በፎጣ ጠቅልለህ ካወጣሃት በኋላ «እሷ ምን ታድርግ፣ ፈርታ እኮ ነው» ያልከውን ዛሬም እሰማዋለሁ።

እጁን በሱሪው ጠርጎ ሊሄድ ሲል ያስቆመችው ነርሷ ጎረቤታችን ናት። ሰዓቷን እያየች ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ አሳጠበችው። የእብድ ውሻ በሽታ ስለሚባል የውሻ ብቻ ይመስለናል እንጂ ድመትም ታስተላልፈዋለች። ምልክቱ አንዴ ከጀመረ የሚተርፍ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ክትባቱ ቶሎ ከተጀመረ ግን ያድናል። በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ወሰደችው። ቀጠሮዎቹንም እየደወለች እስከ መጨረሻው አስከተበችው። እህቴ፣ ሁላችንም ድመቷን ስናይ አንቺ ሰውየውን አየሽ። ዕድሜሽን ያርዝመው።

ዶክተር፣ እርስዎ ጋ ስንደርስ መረቡ ቆዳዋን በልቶ ገብቶ ነበር። እግሩ ይቆረጥ ይሆናል ብለን አዝነን ነው የመጣነው። እርስዎ አደንዝዘው ክሩን በወረንጦ እየለቀሙ አወጡት፣ ቁስሉን አጠቡት፣ «ትንሽ እንታገሠው» አሉ። እግሩ ተረፈ። የመድኃኒቱን ዋጋ እንጂ የድካምዎን አልተቀበሉም።

ይበልጥ የማመሰግንዎ ግን ከዚያ በኋላ ቁጭ ብለው ስላስረዱኝ ነው። የድመት ግልገል ሰውን በቀላሉ የምትለምደው ከተወለደች ከ2ኛው እስከ 7ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው አሉኝ። ያንን ጊዜ ከሰው ርቃ ላደገች ድመት ሰው ማለት አዳኝ ነው። ታዲያ አይሆንም አላሉኝም። «ጊዜ ይፈልጋል፣ ቤቱም ፀጥ ይበል» ነው ያሉት። ጊዜውን እኔ እችላለሁ። ፀጥታው ግን በእኔ እጅ አልነበረም። በአንድ ግቢ ስንት ሰው እንደምንኖር፣ ከአጥሩ ማዶ ምን እንዳለ ታውቃላችሁ። እዚህ ላይ ነው ሁላችሁም የገባችሁት።

አልጋዬ ሥር በፓስታ ካርቶን ቤት ሠራሁላት። መደበቂያ ያላት ድመት ቶሎ ትረጋጋለች። ለረጅም ጊዜ ከዳማ የማየው ሁለት ዓይን ብቻ ነበር። እጄን ካነሳሁ ፍስስ ትላለች። የምትበላው መብራት ከጠፋ በኋላ ነው። ድመት ለሁለት ቀን ያህል ምንም ሳትቀምስ ከቆየች ጉበቷ ይጎዳል ተብያለሁና ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ መጀመሪያ የማየው ሳህኗን ነበር።

ሥራዬ ጥልፍ ነው። ለእንቁጣጣሽ የታዘዙትን ቀሚሶች ይዤ ወለሉ ላይ፣ ጎኔን ሰጥቻት እቀመጥ ነበር። (ክሩን ማታ ማታ ቆልፌ ነው የማስቀምጠው። ድመት ካላችሁ እናንተም እንዲሁ አድርጉ፤ ከዋጠችው አንጀቷን ይተበትበዋል።) አፍጥጬ አላያትም። አፍጥጦ ማየት ለድመት ጠብ ነው። ከሥራዬ ቀና ስል ዓይኔን ቀስ ብዬ እጨፍንና ቀስ ብዬ እገልጣለሁ፣ መልሼ ወደ ጥልፌ። እ.ኤ.አ. በ2020 የእንግሊዙ ሰሴክስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህንኑ ሞክረውታል። ሰው እንዲህ ሲያደርግላቸው ድመቶቹም ዓይናቸውን መልሰው አጥበዋል፤ ከማያውቁት ሰው እጅ ጋም ይበልጥ ቀርበዋል። አንድ ማታ ዳማም ከካርቶኑ ውስጥ መለሰችልኝ። ዓይኗን ጠበብ፣ ከዚያ ገለጥ። እልል ማለት አማረኝ። መርፌዬን ይዤ ቁጭ አልኩ።

እማማ፣ እርስዎን በምን ቃል ላመስግን? ተከራይ ድመት አስገባ ብለው አልተቆጡም። ዓሣ ነጋዴዎቹ ወንድሞቻችን የቆሮሶውን ራስ፣ ሲገኝም ከአምባዛው ቁራጭ በፌስታል ይልኩልን ነበር። እነሱንም እግዜር ይስጣቸው፤ አንድም ቀን ሒሳብ አላሉም። ያንን ዓሣ የቀቀሉት እርስዎ ነዎት። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ፍልሰታን ጾመው፣ ዓሣ በአፍዎ ሳይዞር፣ ከቅዳሴ መልስ ጓሮ ባለው ቆርቆሮ ሥር ለብቻው በለዩት ድስት ቀቀሉላት። እሾሁን በጣትዎ ለቀሙ። እጅዎን በሎሚ አሽተው ታጠቡ። ሽታው ፆሜን ያስፈታኛል አላሉም። «እንስሳ ምን ጾም አለባት፣ በይ ሳይቀዘቅዝ ስጪያት» ነው ያሉኝ። ትንሿ ልጅ ለዳማ ያመጣችውን ወተትም መልሰው ለራሷ ለልጅቷ ያስጠጧት እርስዎ ነዎት። አብዛኛው ያደገ ድመት የላም ወተት ስለማይፈጭለት ያስቀምጠዋል። ንጹሕ ውሃ ይበቃታል።

ጋሼ፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይህች ድመት ሰው እንደማትለምድ ነግረውኛል። «ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» ብለውም ተርተውብኛል። ተስፋ ሳያደርጉ ማገዝ ግን ይበልጥ ከባድ ነው። ጆሮዎ ስለደከመ ሬድዮዎን ከፍ አድርገው እንደሚሰሙ ሁላችንም እናውቃለን። ግድግዳችን አንድ ነው። ሳልጠይቅዎ የልጅ ልጅዎን ማዳመጫ ተውሰው ያደምጡ ጀመር። አንድ ጠዋት በሩ ላይ አግኝተውኝ በሹክሹክታ «ዛሬስ በላች?» አሉኝ። በሹክሹክታ የሚናገሩ መሆኑን እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር።

የብየዳ ቤቱ ወንድሞቼ፣ የእናንተ ውለታ በገንዘብም የሚቆጠር ነው። የሰው ጆሮ እስከ 20,000 ኸርዝ ገደማ ያለውን ድምፅ ይሰማል፤ የድመት ጆሮ ከ60,000 በላይ ይደርሳል። ግራይንደር ብረት ሲነካ እኛ ጥርሳችንን የሚፍቀን ድምፅ ለእሷ ምን እንደሚሆን አስቡት። በተነሣ ቁጥር ካርቶኑ ይንቀጠቀጥ ነበር። ልነግራችሁ ስመጣ ትስቁብኛላችሁ ብዬ ፈርቼ ነበር። አንዳችሁም አልሳቃችሁም። ኤክስቴንሽን ገዝታችሁ ግራይንደሩን ወደ ማዶው ጓሮ አዞራችሁት። በክረምት፣ በዚያ ዝናብ፣ በርና መስኮቱን እየተሸከማችሁ ትመላለሱ ነበር። ደንበኛ ሲጠይቃችሁ «የታመመ ሰው አለ» ብላችሁ እንደምትመልሱ በኋላ ነው የሰማሁት።

ቡሄ ደግሞ መጣ። ለሰፈራችን ልጆች ነሐሴ 13 ያለ ጅራፍ ቡሄ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ጅራፉን ሲያዘጋጁ ከርመዋል። በር ላይ ቢያጮኹት ማንም አይቆጣቸውም ነበር፤ በዓላቸው ነው። ራሳቸው ተመካክረው ወደ ሜዳው ወሰዱት። ሆያ ሆዬውን ግን አልተውም፣ እንዲተዉም አልፈለግሁም። በራችን ላይ መጥተው ዱላቸውን መሬት ሳይመቱ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጨፈሩ። እማማ ሙልሙሉን ሲሰጧቸው ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። እኔማ ምን ልበላችሁ።

መጀመሪያ የነካችው ሰው እኔ አይደለሁም። እማማ ናቸው። ጾሙ ተፈትቶ ነበር። ድስቱን ይዘው ገብተው፣ ስለ ሽንኩርት ዋጋ እያወሩኝ፣ ሳህኗ ላይ ሲያጎነብሱ ዳማ ወጣች። እያነከሰች መጥታ ራሷን እጃቸው ላይ አሸች። እማማ ወሬያቸውን አላቋረጡም። ጎንበስ እንዳሉ ስለ ሽንኩርቱ ቀጠሉ፤ ድምፃቸው ብቻ ትንሽ ተንቀጠቀጠ። ቢጮኹ ኖሮ፣ ቢይዟት ኖሮ ስንት ሳምንት ወደ ኋላ እንመለስ ነበር። እኔ ጋ የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው። እየጠለፍኩ ሳለሁ ጉልበቴ ላይ አንድ እግሯን አስቀመጠች። የታመመውን።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። ሐይቅ ዳር የወደቀ መረብ ስታዩ እንዳታልፉት። ዓሣ አስጋሪዎቹ ወንድሞቻችን አሁን የተቀደደውን የሚሰበስቡበት ማዳበሪያ ጆንያ አንጠልጥለዋል። ማንም ሳያዛቸው ያደረጉት ነው፣ ተባረኩ። እዚያ ክተቱላቸው። መረብ እግሩ ላይ የተጠመጠመበት ወፍ ወይም ድመት ካያችሁ መረቡን አትሳቡት፤ እንስሳውን በፎጣ ሸፍናችሁ መረቡን ቁረጡ፣ ከዚያ ወደ ሐኪም።

የገንዘቡን ነገርም ልናገር። ያዋጣችሁት ለመድኃኒቷና ለክትባቷ ውሏል። ደረሰኙ እኔ ጋ አለ፣ ማየት የሚፈልግ ይምጣ። የተረፈውን ለባጃጁ ወንድማችን ልሰጥ ብል እንዴት ተደርጎ አለኝ። ለመጪዎቹ ወራት ሕክምናዋ ትንሽ አስቀርቼ በቀረው ኳስ ገዛሁ። ልጆቹ ያን ቀን ጆንያውን ሲሞሉ ኳሳቸውን ጎርፉ ወስዶባቸው፣ እስከ ዛሬ አንድም ቃል አልተናገሩም። የነገረችኝ የአንዱ እናት ናት።

ልጆች፣ ኳሱ ተነፍቶ ቤት ተቀምጧል። ቅዳሜ ጠዋት ኑና ውሰዱ። ዳማንም ታያላችሁ። እማማ ዳቦ ይጋግራሉ።