የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤትንና የትምህርት ቤት ደረጃን በተመለከተ ለወላጆች የተላከ ደብዳቤ

መስከረም 2018 ዓ.ም.
አራዳ ክፍለ ከተማ፣ አዲስ አበባ

ለተከበራችሁ የተማሪዎቻችን ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

የ2017 ዓ.ም. ውጤት ከወጣ ወዲህ ወደ ቢሮ የምትመጡ ወላጆች በብዛት የምትጠይቁት «ስንት አሳለፋችሁ?» እና «ደረጃችሁ ስንት ነው?» ብላችሁ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ለልጃችሁ የሚበጀው ግን የእያንዳንዱ ትምህርት ነጥብ የተጻፈበት ወረቀት ስለሆነ ከእሱ እንጀምር።

ፈተናው ስድስት ትምህርት ነው፤ እያንዳንዱ ከ100፣ ድምሩ ከ600 ይያዛል። 300ና ከዚያ በላይ ያመጣ አለፈ ይባላል። ለምሳሌ አንድ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ እንግሊዝኛ 58፣ ሒሳብ 31፣ አፕቲትዩድ 55፣ ፊዚክስ 34፣ ኬሚስትሪ 49፣ ባዮሎጂ 60 አመጣ እንበል። ድምሩ 287 ነው፤ 13 ነጥብ ጎደለው። ብዙ ቤተሰብ እዚህ ላይ በስድስቱም ትምህርት አስጠኚ ይቀጥራል። ገንዘብም ጊዜም ይባክናል። አራት ምርጫ ያለውን ጥያቄ ሳያነብ በግምት ያጠቆረ ተፈታኝ እንኳ ወደ 25 ይጠጋል፤ ስለዚህ 31 እና 34 ማለት ልጁ ከግምት ብዙም አልራቀም ማለት ነው። ክፍተቱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ያለው 12ኛ ክፍል ላይ ሳይሆን 9ኛና 10ኛ ላይ ነው። የ9ኛ ክፍል አልጀብራ ያልገባው ልጅ የ12ኛን ካልኩለስ ቢሸመድድ ዋጋ የለውም። የጎደለው 13 ነጥብ ከሒሳብና ከፊዚክስ ይገኛል፤ ባዮሎጂውን ከ60 ወደ 73 ማውጣት ይከብዳል።

ውጤቱን ከካርዱ ጋር አስተያዩት። ካርድ ላይ 85፣ ብሔራዊ ፈተና ላይ 38 ከሆነ፣ የካርዱን ነጥብ የሞላው የቤት ሥራ፣ የቡድን ሥራና የደብተር ነጥብ መሆኑን ጠርጥሩ። እኛንም ጠይቁን፤ መልስ የመስጠት ግዴታ አለብን።

የማለፊያ መቶኛን በተመለከተ፣ በአገር ደረጃ በ2014 3.3፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ነበር። በ2017 ከተፈተኑት 585,882 ተማሪዎች ያለፉት 48,929 ናቸው። የአንድ ትምህርት ቤት መቶኛ ግን በቀላሉ ያሳስታል። 20 ተማሪ ባስፈተነ ትምህርት ቤት የአንድ ልጅ ውጤት 5 በመቶ ያነሳል ወይም ይጥላል፤ 200 ባስፈተነው ግማሽ በመቶ ብቻ። ደከም ያሉትን 11ኛ ክፍል ላይ መልቀቂያ ሰጥቶ የሸኘ ትምህርት ቤትም መቶኛው ያምርለታል። ልጅ ለማዛወር ስታስቡ «11ኛ ስንት ነበሩ? 12ኛ ስንት ተፈተኑ?» በሉ። ቀጥተኛ መልስ ካላገኛችሁ ያ ራሱ መልስ ነው።

የትምህርት ቤት ደረጃ (1፣ 2፣ 3፣ 4) የሚሰጠው በኢንስፔክሽን፣ ማለትም ትምህርት ቤቱን በሚመዝን ግምገማ ነው፦ ግብዓት 25፣ ሂደት 35፣ ውጤት 40 በመቶ ይይዛሉ። ከ50 በታች ደረጃ 1፣ ከ50 እስከ 70 ደረጃ 2፣ ከ70 እስከ 90 ደረጃ 3፣ ከዚያ በላይ ደረጃ 4 ነው። ግብዓት ውስጥ ግቢ፣ ቤተ ሙከራ፣ ቤተ መጻሕፍት ሁሉ ይቆጠራል፤ መሃል ፒያሳ ላይ የስፖርት ሜዳ ከየት ይመጣል? ስለዚህ የደረጃውን ቁጥር ብቻ ሳይሆን ሦስቱን ዘርፎች ለይታችሁ እዩ። በግቢ ጥበት የወረደ ነጥብ ልጃችሁን ብዙም አይጎዳም፤ በሂደት ማለትም በማስተማሩ ሥራ የወረደ ግን በቀጥታ ይነካዋል።

ግማሹን ያላመጡ ተማሪዎች የሪሜዲያል (የማካካሻ ትምህርት) መቁረጫ ነጥብ እስኪገለጽ ይጠብቁ፤ በየዓመቱ ስለሚለያይ የአምናውን አትያዙ። እሱም ካልደረሰ በግል ተፈታኝነት ደግሞ መፈተን ይቻላል። ስም የተሳሳተበት ወይም የአንድ ትምህርት ነጥብ የጎደለበት ተማሪ ካለ የቅሬታ ጊዜው አጭር ስለሆነ የመፈተኛ ካርዱን ይዞ ዛሬ ነገ ሳይል ሪከርድ ክፍል ይምጣ።

የፊታችን ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት አዳራሽ እንገናኛለን። የውጤቱን ወረቀትና የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ካርድ ይዛችሁ ኑ። የሒሳብና የፊዚክስ መምህራን እስከ 6 ሰዓት ይቆያሉ፤ ልጁም አብሮ ቢመጣ ይመረጣል።

ከሰላምታ ጋር፣
ርዕሰ መምህር