ከሐረጎ ማዶ ያለው ኬክ ቤት

ኮምቦልቻ፣ መጋቢት 3 ቀን 2018

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽ ጾሙ ከገባ ወዲህ ትንሽ ከሳ ብላለች እንጂ ሌላ ምንም የላትም። በጣም ናፍቃሻለች።

ሂድና እይልኝ ያልሽኝን ኬክ ቤት አይቼ መጣሁ። በስልክ ልነግርሽ ነበር፤ ግን ነገሩ ብዙ ነው። ቁጭ ብለሽ ደጋግመሽ እንድታነቢው ብዬ ጻፍኩልሽ።

ማክሰኞ ጠዋት በሚኒባስ ወደ ደሴ የሚወስደውን የሐረጎን ዳገት ወጣሁ። ደሴ እንደ ልማዷ ጉም ለብሳ ነበር፤ የጦሳ ተራራ ጭራሽ አይታይም። ቤቱ ከፒያሳ ወረድ ብሎ ነው። ከፊት ጠባብ ነው፤ ሥራው ያለው ከጀርባ ነው። የሚሠሩት እናት፣ ሁለት ወንዶች ልጆቻቸው፣ አንዲት ምራትና የእናትየው እህት ናቸው። ቅጥር ሠራተኛ የለም። ልጄ ይህን ሥራ ልትጀምር አስባለች ስላቸው እናትየው «ይግቡ ወንድሜ፣ ለልጅ ነገር ምን ይደበቃል!» ብለው ጓዳ አስገቡኝ። እስከ ከሰዓት እዚያው ዋልኩ።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። እኚህ ሴት ሥራውን የጀመሩት እኛ ከተማ ነው። ባለቤታቸው ሲሞቱ ወደ እህታቸው ወደ ደሴ ተመለሱ። ያንኑ ዱቄት፣ ያንኑ ስኳር፣ ያንኑ ኦቨን ይዘው ወጡ። ካፕኬኩ፣ ያ በወረቀት የሚጋገረው ትንሹ ኬክ፣ ግን እምቢ አለ። ኦቨን ውስጥ እያለ ጉብ ብሎ ያምራል፤ ሲወጣ መሐሉ ስርጉድ ይላል። ጠርዙ ከወረቀቱ አልፎ ፓትራው ላይ ይፈስሳል። አንዳንዱ ሰው ዓይን ነው አላቸው። አንዳንዱ ዱቄቱ ተበላሽቶ ነው አለ። ዱቄት የሚገዙበትን ነጋዴ ቀየሩ፤ ምንም ለውጥ የለም።

ነገሩ የከፍታ ጉዳይ ነው። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ደሴ ወደ 2,500 ትጠጋለች። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ ከፍታው ግን ከ600 ሜትር በላይ ይለያያል። ወደ ላይ በወጣሽ ቁጥር የአየሩ ግፊት ይቀንሳል። ስለዚህ ቤኪንግ ፓውደሩ የሚያወጣው ጋዝ ሊጡ ውስጥ ከሚገባው በላይ ይለጠጣል። ሊጡ በስሎ ሳይጠና አረፋው ይፈነዳል፤ ኬኩም ይወድቃል። ውሃውም ቀድሞ ይፈላል። ደሴ ላይ 92 ዲግሪ ገደማ ሲሆን ይፈላል፤ እኛ ዘንድ 94 ገደማ። ስለዚህ ደሴ ላይ ኬክ ቶሎ ይደርቃል።

ይህን ያገኘው ዩኒቨርሲቲ የተማረው ታናሽየው ልጅ ነው። እናትየው ያኔ ቤኪንግ ፓውደሩን ቀነሱ። ስኳሩንም ትንሽ ቀነስ፣ ፈሳሹን ጨመር፣ የኦቨኑን ሙቀት ከፍ አደረጉ። የካፕኬኩን ወረቀትም ከግማሽ ትንሽ አሳልፈው ብቻ ይሞላሉ። እስኪስተካከል ድረስ ስንት ፓትራ ለጎረቤት ልጆች እንደታደለ እየሳቁ ነው የነገሩኝ።

እንግዲህ ልብ በይልኝ። አንቺ የተማርሽው አዲስ አበባ ነው። አዲስ አበባ በከፍታዋ ለደሴ ትቀርባለች እንጂ ለእኛ አይደለም። የመምህርሽ አሠራር ደሴ ላይ ሊሰምር ይችላል፤ ኮምቦልቻ ላይ ግን ላይነሣልሽ፣ ጥቅጥቅ ሊልብሽ ይችላል። ከኢንተርኔት ያወረድሻቸው ደግሞ አብዛኞቹ ባሕር አጠገብ ላለ ሰው የተጻፉ ናቸው። የእነሱ ቤኪንግ ፓውደር ለእኛም ይበዛል። የአንቺ ልክ በሁለቱ መሐል ነው ያለው። እሱን የሚነግርሽ ሰው የለም፤ ጋግረሽ ነው የምታገኚው።

ዘንድሮ እንደምታውቂው ሁለቱ ጾሞች በአንድ ሳምንት ነው የገቡት። ቤቱ ውስጥ ያየሁትን ብታዪ! እናትየውና እህታቸው ሙስሊም ናቸው፤ ረመዳን ይዘዋል። ምራቲቱ ክርስቲያን ናት፤ ዐቢይ ጾም ይዛለች። እንቁላልና ቅቤ ያለበትን እሷ አትቀምስም። እናትየው ደግሞ መግሪብ ካልደረሰ ምንም ወደ አፋቸው አያስገቡም። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ሊጥ የሚቀምስ ሰው በቤቱ የለም። ያለው ሚዛን ብቻ ነው። ሁሉ ነገር በግራም ይመዘናል፤ እንቁላል ሳይቀር። አዎ፣ እንቁላል። አሠራሩ «ሁለት እንቁላል» ካለ አንቺ ሁለት ትሰብሪያለሽ። የሐበሻ ዶሮ እንቁላል ግን 40 ግራም ገደማ ነው፤ የፈረንጁ ከ50 ያልፋል። የእናትየው እህት እያንዳንዱን መጀመሪያ ስኒ ላይ ትሰብራለች። ታየዋለች፣ ታሸተዋለች፣ ከዚያ ነው ሚዛኑ ላይ ወዳለው ሳህን የምትገለብጠው። አንድ የተበላሸ እንቁላል የሞላ ሊጥ እንዲያስደፋት አትፈልግም። እጇ ሲሠራ እያየሁ አልጠገብኩም።

የጾሙ ኬክ ማደባለቂያ ሳህኑም፣ ማማሰያውም፣ ፓትራውም ለብቻ ነው። በዘይት ነው የሚሠሩት፤ እንቁላልም ወተትም የለውም። የሚያስነሣው ሶዳና ኮምጣጤ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ጋዝ ስለሚፈጥሩ ሳይቆዩ ኦቨን ውስጥ መግባት አለበት። ምራቲቱ አንድ ነገር አስጠነቀቀችኝ፤ ማርጋሪን ሁሉ የጾም አይደለም፣ አንዳንዱ ወተት አለበት፣ ጀርባውን ሳታነቢ እንዳትገዢ ብላለች። እኔም ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ብርቱካን ያለበትን ቀመስኩ። ልጄ፣ እውነቴን ነው የምልሽ፣ የጾም መሆኑን ባይነግሩኝ አላውቅም ነበር። ለእናትሽም ይዤላት መጣሁ።

ለምን ትልልቅ ቶርታ ላይ አታተኩሩም ብዬ ጠየቅኩ። ቶርታ ካልታዘዘ አድሮ ይበላሻል። ካፕኬክ ግን በፍሬ ይሸጣል፤ ሃያ ደቂቃ ገደማ ነው የሚፈጀው፤ ተማሪ ለልደት ተዋጥቶ ቢገዛ ቢላም ሳህንም አያስፈልገውም። ለምርቃትና ለኒካህ ትእዛዝ ይጎርፍላቸዋል። እኛ ከተማም የኢንዱስትሪ ፓርኩ ከተከፈተ ከሐምሌ 2009 ወዲህ ያሉትን ወጣት ሠራተኞች አስቢያቸው። ደመወዝ በወጣ ሰሞን ትንሽ ጣፋጭ ነገር የሚፈልግ ብዙ ነው። እኔ ገበያው አለ ባይ ነኝ። ክሬሙ ግን የኮምቦልቻን ሙቀት አይችልም፤ ይቀልጣል። እነሱ ወደዚህ የሚልኩትን በክሬም ፋንታ ወፍራም የስኳር ቅብ ይቀቡታል።

የኦቨኑ ነገር የእኔ ዘርፍ ስለሆነ ደህና አድርጌ አየሁት። ዕድሜዬን ማሽን ስጠግን ስለኖርኩ ቁጥር አላምንም። የኦቨኑ ማዞሪያ 180 ይላል፤ ውስጥ ያስቀመጡት ቴርሞሜትር ግን 165 ያሳያል። ታላቅየው ልጅ የሚያምነው ውስጠኛውን ነው። የኋላው በኩል ስለሚግል መሐል ላይ ፓትራውን ያዞረዋል። ቀድሞ ከከፈተው ኬኩ ይወድቃል፤ ስለዚህ ላዩ እስኪጠና በሩን አይነካም። ከዚያ በስቴኪኒ ይወጋዋል። መብራት ሲጠፋ ሥራ እንዳይቆም የጋዝ ኦቨንም አላቸው።

በ2014 ከተማው በጦርነቱ ጊዜ ሲያዝ ማደባለቂያቸውም ፍሪጃቸውም ተወስዷል። እኛም ያየነው ነውና አላበዛብሽም። ሲመለሱ በእጅ እየመቱ ነው እንደገና የጀመሩት።

አንድ ነገር ደግሞ በጣም አስደሰተኝ። ሁሉም ደመወዝተኛ ነው፤ እናትየውም ጭምር። ከመሳቢያው ማንም ዝም ብሎ አያነሣም። ታናሽየው ለጓደኛው በዱቤ ሰጥቶ ኖሮ እናትየው እኔ ፊት መዝገቡን ገልጠው ከደመወዙ ላይ ጻፉበት። ልጁ ፊቱን አላጠቆረም። እኔ ዘመድ በሥራ ሲጣላ ብዙ አይቻለሁ። የሚጣላው ሁልጊዜ ያልተጻፈ ገንዘብ ላይ ነው። እኛም አብረን ከሠራን ከመጀመሪያው ቀን መዝገብ ይኑረን።

አዎ፣ አብረን ነው ያልኩት። እናትሽም ብትሆን አንቺን ለብቻሽ አትተውሽም። እኔ የምለምንሽ ይህን ነው፤ ለሱቁ ቀብድ እንዳትሰጪ። መጀመሪያ ነይና እዚሁ እኛ ቤት ጋግሪ። ፋሲካ ሚያዝያ 4 ነው፤ ቀደም ብለሽ ብትመጪ የጾሙንም የፍስኩንም እንሞክራለን። ኦቨኑን ለእኔ ተዪው። ደሴ ያሉት እናት ደግሞ ሳምንት ሁለት ሳምንት እኛ ጋ ትሥራ ብለዋል። ገንዘብ አልጠየቁም፤ ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መነሣት ትችላለች ወይ ብቻ ነው ያሉኝ። ትችላለች ብያቸዋለሁ።

ስትመጪ ትንሽ የግራም ሚዛንና የኦቨን ቴርሞሜትር ከመርካቶ ገዝተሽ ነይ። ብሩን ነገ እልክልሻለሁ። የመነሻሽን ቀን ስትቆርጪ ደውዪልኝ፤ መናኸሪያ እቀበልሻለሁ።

አባትሽ