የእስር ቤቱ ሐኪም አለቃ ማን ይሁን?

የተከበሩ አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ስለ እስረኞች አያያዝ በቅርቡ ያወጣችሁት ጽሑፍ የሚቋጨው በእስር ቤት ለሚሠሩ ሐኪሞችና የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ተጨማሪ የሥነ ምግባር ሥልጠና ይሰጥ በማለት ነው። ሥልጠና ባልጠላም፣ ችግሩ ሐኪሙ ትክክለኛውን ነገር አለማወቁ አይመስለኝም።

የሚያውቀውማ ድሮ ተጽፎ አልቋል። የዓለም ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1975 ያወጣው የቶኪዮ መግለጫ ሐኪም በማሰቃየት ተግባር እንዳይሳተፍ ብቻ ሳይሆን፣ ሲፈጸም በሥፍራው እንዳይገኝ ጭምር ይከለክላል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ1982 ያጸደቃቸው መርሆዎችም፣ ጤናን ለሚጎዳ አያያዝ ወይም ቅጣት እስረኛውን «ብቁ ነው» ብሎ መፈረም የሙያ ጥሰት መሆኑን ይደነግጋሉ።

የቶኪዮው መግለጫ ወረቀት ላይ ሰፍሮ ሳለ የአፓርታይድ ተቃዋሚው ስቲቭ ቢኮ በ1977 በደቡብ አፍሪካ ፖሊስ እጅ ተደብድቦ ሞተ። መጀመሪያ ያየው ሐኪም ምንም ችግር አላገኘሁበትም የሚል ማስረጃ ጻፈለት። በኋላም ራሱን በአግባቡ የማያውቀው ሰው በመኪና ወለል ላይ ራቁቱን ተጋድሞ ከሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ፕሪቶሪያ ሲጫን ሌላኛው ሐኪም ተስማማ። የአገሪቱ የሐኪሞች ምክር ቤት ጉዳዩን ዘግቶት ነበር። ጥቂት ሐኪሞች ፍርድ ቤት ሄደው ካስገደዱት በኋላ ነው በ1985 ይህ ሁለተኛው ሐኪም ከሙያው የተሰረዘው፤ ሟቹ ከተቀበረ ስምንት ዓመት አልፎታል። ይኸው ሐኪም ዘግይቶ የሰጠው ቃል ከየትኛውም የሥልጠና ሰነድ ይልቅ ያስተምረኛል፦ ከፖሊሶች ጋር በየቀኑ እየዋለ፣ የሐኪም ነፃነቱን ቀስ በቀስ አጥቶ እንደነበር አምኗል። ጨካኝ ሆኖ አልተወለደም፤ የማን ባልደረባ እንደሆነ ነው የጠፋው።

በዚያው በ1985 ወጣቷ ሐኪም ዌንዲ ኦር ሕክምና የምትሰጣቸው እስረኞች እንደሚደበደቡ በመሐላ ለፍርድ ቤት አስረድታ የእግድ ትዕዛዝ አስወጣች። ትዕዛዙ ቢወጣም እሷ ከእስረኞች ሕክምና ተነሣች። ደመወዝ፣ ዕድገትና ዝውውር በአስተዳደሩ እጅ ያለ ሐኪም ቁስል አይቶ ቢመዘግብ ወጪት ሰባሪ ይባላል። ቃለ መሐላውን የሚያከብረው ደግሞ ብቻውን ይቀራል።

የሥነ ምግባር ደንብ ራሱም ሊጠመዘዝ ይችላል። የአሜሪካ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ማኅበር ባለሥልጣናት ከመከላከያ ሚኒስቴር ሰዎች ጋር ተመካክረው እስረኞችን በጥያቄ ስለመመርመር ያወጡትን ደንብ እንዳለዘቡ እ.ኤ.አ. በ2015 ገለልተኛ አጣሪ አጋልጧል። ማኅበሩ አባላቱን ከብሔራዊ ደኅንነት ምርመራ ያገደው ከዚያ በኋላ ነው።

ስለዚህ ጥያቄው ወደ ሕግ አውጪው ይሂድ። የ1984ቱ ፀረ ማሰቃየት ስምምነት ተባባሪነትን ወንጀል ያደርጋል፤ የአለቃ ትዕዛዝንም ማመካኛ አድርጎ አይቀበልም። የየአገሩ ሕግ ይህን ለጤና ባለሙያው በግልጽ ይጻፍለት፦ ሐሰተኛ የሕክምና ማስረጃ መፈረም ተባባሪነት ነው፣ ፈቃድም ያስነጥቃል፣ ጊዜው አለፈ ተብሎም (በይርጋ) አይታገድ። ጥቃት የጠቆመ ባለሙያም ከሥራው አይነሣ።

ከሁሉ የሚበልጥብኝ ግን የሐኪሙ አለቃ ጉዳይ ነው። ኖርዌይ በ1988፣ ፈረንሳይ በ1994 የእስር ቤት ሕክምናን ከእስር ቤት አስተዳደር አውጥተው ለጤናው ዘርፍ ሰጥተዋል። ጠባቂው ይጠብቃል፣ ሐኪሙ ያክማል፤ ጸጥታ ይናጋል የሚለው ስጋት እዚህ ላይ ብዙም አያሳምነኝም። የጤና ሚኒስቴርም የመንግሥት አካል ነውና ዝውውሩ ብቻውን ሁሉን ይፈታል አልልም። ቢያንስ ግን የሐኪሙን ሪፖርት የሚያነበው ሰው እስረኛውን በጥያቄ የሚመረምረው ሰው አይሆንም።

ጋዜጣችሁ በጉዳዩ ላይ ከቀጠለ አንድ ነገር ብትጠይቁልን ደስ ይለኛል፦ የባለሙያ ፈቃድ የሚሰጠው አካል እስካሁን በእስረኛ አያያዝ የተነሣ ስንት አቤቱታ ተቀብሎ፣ በስንቱ ላይ ውሳኔ ሰጠ?

ከአክብሮት ጋር
አንድ የጤና ባለሙያ አንባቢያችሁ