በሰሌዳ ላይ የቀረ ቤንዚን

ይድረስ፦ በባሕር ዳር የነዳጅ ሥርጭትና የባጃጅ ታሪፍ ለሚመለከትዎ ኃላፊ

ክቡር ኃላፊ፣

ጉዳያችን ታሪፉ በማደያ ዋጋ ሲሰላ ቤንዚኑን ግን ከማደያው ውጭ በውድ መግዛታችን ነው። ይህን መጀመሪያ በቃል፣ ቀጥሎ በማመልከቻ፣ ከዚያም ፊርማ አሰባስበን አቅርበናል። ሁለቱም ማመልከቻዎች መዝገብ ቤት ገብተው ማኅተም ተመትቶባቸዋል፤ ከማኅተሙ ሌላ ያገኘነው ነገር የለም። ቢሮዎ ያላነበበውን ከተማው ያንብበው ብለን በአደባባይ ጻፍነው።

ስለ ዋጋው መናር ብዙ አንጨቃጨቅም። የሚተምነው የፌዴራሉ ንግድ ሚኒስቴር መሆኑን፣ ቤንዚኑ በጅቡቲ በኩል በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ እንደሚገባ፣ ድጎማው ከሐምሌ 2014 ጀምሮ በደረጃ እየተነሣ መምጣቱን፣ በሐምሌ 2016 ምንዛሪው ለገበያ መለቀቁንም እናውቃለን። በሐምሌ 2014 አዲስ አበባ ላይ 47 ብር ከ83 ሳንቲም የነበረ ሊትር ቤንዚን በመስከረም 2017 ማብቂያ 91 ብር ከ14 ሳንቲም፣ በታኅሣሥ ማብቂያ ደግሞ 101 ብር ከ47 ሳንቲም ገባ። ከዚያ ወዲህም ጨምሯል። ለባሕር ዳር የማጓጓዣው ይታከልበታል። ይመራል፤ ቢሆንም ቁርጡ የታወቀ ነገር ነው።

ቁርጡ ያልታወቀው ሌላ ነው። ማደያው ሰሌዳ ላይ ያለው ዋጋ ቤንዚን የሚቀዳበት ነው ወይስ ታሪፍ የሚሰላበት ብቻ? ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

የባጃጅ ታሪፍ ሲወጣ መነሻው የማደያ ዋጋ ነው። አሽከርካሪው ግን ከንጋቱ 11 ሰዓት ጀምሮ ሞተር አጥፍቶ፣ ባጃጁን በእጁ እየገፋ ተሰልፎ፣ ተራው ሲደርስ «አልቋል» ይባልና ከአጥሩ ሥር በሃይላንድ ይገዛል። ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ሦስት ሰው ጭኖ በየመቶ ሜትሩ የሚቆም ባጃጅ በሊትር 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሄድ ደኅና ነው። በቀን 100 ኪሎ ሜትር ለሚሠራ 4 ሊትር ማለት ነው። የሃይላንዱ ሊትር ከማደያው በ100 ብር ብቻ ይብለጥ እንበል፤ በቀን 400 ብር ከአሽከርካሪው ኪስ ይወጣል። ለባለንብረቱ የሚያስገባው የቀን ገቢ አምስት ሳንቲም አይቀነስለትም።

ያን 400 ብር ለማካካስ ከአባይ ማዶ ወደ ገበያ ሲመጣ በሰው 5 ብር ሲጨምር ተቆጣጣሪዎ ያስቆመዋል። ከታሪፍ በላይ አስከፍሏል፣ ይቀጣል፤ ሕግ ነው። ሃይላንዱን የሸጠለት ልጅ ግን ጠርሙሶቹን ድንጋይ ላይ ደርድሮ ቅጣቱ ሲጻፍ እያየ ነው። በ2017 የወጣው የነዳጅ ውጤቶች ግብይት አዋጅ ቁጥር 1363 ከማደያ ውጭ መሸጥን መከልከሉን ከእኛ በላይ እርስዎ ያውቃሉ። አንዱ ሕግ በባጃጁ ላይ ሲሠራ ሌላው ሕግ አሥር ሜትር ርቆ ተኝቷል።

ልጁን ያዙት እያልንዎት አይደለም። እሱ ዛሬ ቢያዝ ነገ ሌላ ይቆማል። የሚጠየቀው ጠርሙሱ የተሞላበት በርሜል ከየት እንደመጣ ነው፤ ይህን ለማወቅ ደግሞ ሰላይ አያስፈልግም፣ ማባዛትና ማካፈል ይበቃል። አንድ ቦቴ 40 ሺህ ሊትር አራገፈ እንበል። የባጃጅ ሰርባቶዮ፣ ማለትም የቤንዚን ቋቱ፣ ከነመጠባበቂያው 8 ሊትር ነው። አንዱን ለመቅዳት ከነቴሌብር ክፍያው 2 ደቂቃ ቢፈጅ፣ አንድ ቱቦ በሰዓት 30 ባጃጅ፣ ማለትም 240 ሊትር ይቀዳል። ሁለት ቱቦ በ12 ሰዓት ሥራ 5,760 ሊትር ያወጣል። ስለዚህ ቦቴው ለባጃጅ ወረፋ ሰባት ቀን ሊደርስ ጥቂት ነው የሚቀረው! ባጃጁን ተዉት፤ የሚሰለፈው ሁሉ በ4 ደቂቃ 40 ሊትር የሚቀዳ መኪና ይሁን። ያም ቢሆን ሁለቱ ቱቦዎች በቀን የሚያወጡት 14,400 ሊትር ነው፤ ቦቴው ወደ ሦስት ቀን ይጠጋል። ቦቴው ለሌላ ማደያም ያካፍላል ይሉን ይሆናል። ግማሹን ብቻ አራግፎ ይሂድ፤ 20 ሺህ ሊትር ለባጃጆቹ ሦስት ቀን ተኩል ይበቃል።

ታዲያ ትናንት ከሰዓት የገባ ቤንዚን ዛሬ እኩለ ቀን ላይ «የለም» የሚለጠፍበት በየትኛው ቱቦ ወጥቶ ነው? ባለ 200 ሊትር በርሜል 25 ባጃጅ ይሞላል። በአንድ ሌሊት 50 በርሜል ከወጣ 10 ሺህ ሊትር ሄደ። ከግንቦት 2015 ወዲህ ክፍያው በዲጂታል ስለሆነ ስንት ሊትር፣ በስንት ሰዓት እንደተሸጠ መዝገብ አለ። ቦቴው ያራገፈው በሰነድ፣ የተሸጠው በስልክ ተጽፏል። ሁለቱን ጎን ለጎን ማስቀመጥ የአንድ ሠራተኛ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። በሁለተኛው ማመልከቻችን የጠየቅነውም ይህንኑ ብቻ ነበር።

የሃይላንዱ ጣጣ በዋጋው አያበቃም። «ሁለት ሊትር» ተብሎ የሚሸጠው ጠርሙስ እስከ ትከሻው ነው የሚሞላው። ፀሐይ ላይ ስለሚውል ደግሞ ያብጣል፤ ሙቀቱ 10 ዲግሪ ሲጨምር ቤንዚን በ1 በመቶ ገደማ ይሰፋል። ይህ ትንሹ ነው። ትልቁ የተቀላቀለበት ላምባና ውኃ ነው። ውኃው ከሰርባቶዮው ሥር ይተኛል፤ አሽከርካሪው ቤንዚኑ አልቆ ወደ መጠባበቂያ ሲያዞር ወደ ካርቡራተሩ የሚወርደው እሱ ነው፣ ሞተሩም መንገድ መሐል ቀጥ ይላል። እሱስ ካርቡራተሩ ሥር ያለችውን ብሎን ፈትቶ በማፍሰስ ይወጣል። ላምባው የባሰ ነው። ጠዋት ሞተሩ አልነሣም ይላል፣ ዳገት ላይ ይንኳኳል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል። ሳይቃጠል የቀረው ላምባ በፒስተኑ ጎን ወርዶ የሞተሩን ዘይት ያቀጥነዋል፤ ባጃጅ ላይ ያው ዘይት የሞተርም የማርሽም ስለሆነ ጉዳቱ ድርብ ነው። የዘይት መለኪያዋን መዘው ከፍ ብሎ ካገኙትና ላምባ ላምባ ከሸተተ፣ ዘይቱ አልበዛም፣ ተበርዟል። በነጭ ወረቀት ሁለት ጠብታ መሞከርም ይቻላል። ንጹሕ ቤንዚን በደቂቃዎች ውስጥ ተንኖ ይጠፋል፣ ላምባ ያለበት የቅባት እድፍ ትቶ ይቀራል። ተቆጣጣሪዎችዎ ወረቀት ሞልቷቸዋል፤ የቅጣቱን ጀርባ ይጠቀሙበት።

የጣና ጀልባዎችንም አይርሱ። ወደ ዘጌና ወደ ገዳማቱ የሚሄድ ጀልባ ማደያ ድረስ አይነዳም፤ ቤንዚኑን በጀሪካን መውሰድ ግድ ነው። በጀሪካን መቅዳት ደግሞ ያለ ድጋፍ ደብዳቤ አይሆንም፣ ደብዳቤው ሲገኝ ቤንዚኑ የለም፣ ቤንዚኑ ሲመጣ የደብዳቤው ቀን አልፏል። ስለዚህ እሱም ወደ ሃይላንዱ ይሄዳል። ባለ ሁለት ምት ሞተር ለ20 ሊትር ቤንዚን 400 ሚሊ ሊትር ዘይት ተለክቶ ይገባለታል። ቤንዚኑ ራሱ ላምባ ከሆነ ግን ልኩ ምን ያደርጋል? ባጃጅ ቢቆም ይገፋል። ከሰዓት በኋላ ጣና ላይ ነፋሱ ሲነሣ መሐል ላይ የቆመ ጀልባ ማን ይገፋዋል? የፎገራ ገበሬም ሽንኩርቱን የሚያጠጣበትን የውኃ ሞተር ተሸክሞ ማደያ አይሰለፍም።

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ቦቴ በገባ ቁጥር የገባበት ሰዓትና ያራገፈው ሊትር ማደያው በር ላይ ይለጠፍ፤ ማታ ማታ ደግሞ የተሸጠው። ለጀልባና ለውኃ ሞተር በሳምንት ሁለት የታወቁ ቀናት ይመደቡ። ይህ እስኪሆን ድረስ ታሪፉን አሽከርካሪው በሚገዛበት ዋጋ ያስሉት፤ ተሳፋሪው የሚቆጣው ያኔ በማን ላይ እንደሆነ አብረን እናያለን። ይህም ካልሆነ ቢያንስ ለተቆጣጣሪዎችዎ አንድ ትእዛዝ ይስጡልን፦ ባጃጅ ሲያስቆሙ መንጃ ፈቃድ ከመጠየቃቸው በፊት የሰርባቶዮውን ክዳን ከፍተው ያሽትቱ።

በባሕር ዳር የምንሠራ የባጃጅ አሽከርካሪዎችና የጋራዥ ሠራተኞች