የእንግሊዝኛ ክፍላችን እንዳይዘጋ የድጋፍ ጥሪ (በድጋሚ)

ሰላም ወገኖች፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ባለፈው የላክነውን አይታችሁ ዝም ላላችሁም፣ ድርሻችሁን ከፍላችሁ ለጨረሳችሁም፣ ደግመን መጣንባችሁ፣ ምን እናድርግ።

ከላይ ያለው ቧንቧ ፈንድቶ የክፍሉ ኮርኒስ እንደወረደ ሰምታችኋል። ሰው ያልነበረበት ሰዓት ነው፣ ፈጣሪ ይመስገን። መጽሐፎቹ ግን ውሃ ጠጥተው ማሞቂያ ላይ ብናሰጣቸውም ገጾቹ ተጣብቀው ቀሩ፣ ፕሮጀክተሩም አልነሳ አለ። ባለቤቱ ቤቱን አድሳለሁ እንጂ እቃ አልተካም ብሏል፣ ውሉም እንደዛ ስለሚል ክርክሩ አላዋጣንም።

መዋጮው ግማሽ ላይ ቆሟል። ለምን እንደቆመም እናውቃለን፣ የሚወራው ይደርሰናል፤ "አስተማሪዎቹ በነጻ አይደል እንዴ የሚያስተምሩት፣ ገንዘቡ ምን ይሰራል?" ይባላል። አዎ በነጻ ነው። ከስራ ወጥተው ዩኒፎርም ሳይቀይሩ ነው የሚመጡት፣ አንዷ እንደውም ከናይት ሺፍት ወጥታ ሳትተኛ ታስተምራለች። ለአስተማሪ ሰባራ ሳንቲም ከፍለን አናውቅም። ገንዘቡ የወጣው ለኪራይ፣ ለመጽሐፍ፣ ለኢንሹራንስ፣ ልጆችም ስለሚመጡ ለአስተማሪዎቹ ከወንጀል ነጻ ወረቀት ማስወጫ ነው፣ ደረሰኙ ሁሉ አለ፣ ማየት የፈለገ ይምጣ። ስፒከሩም ቅንጦት ተብሎ ነበር። አይኤልትስ የሚባለውን የእንግሊዝኛ ፈተና የተፈተነ ያውቀዋል፣ ሊስኒንጉ (የማዳመጥ ክፍሉ) 40 ጥያቄ ሆኖ የሚሰማው አንዴ ብቻ ነው፤ ታዲያ በስልክ ድምጽ ከኋላ የተቀመጠ ሰው ምን ሰምቶ ይለማመድ?

"በዙም ይሁን" ላላችሁ፣ እያደረግነው ነው። ነጻው ዙም 40 ደቂቃ ሲሞላው ይቆርጣል፣ እንደገና ሊንክ ተልኮ ሰዉ እስኪገባ ጊዜው ያልቃል፣ ፊደል ገና የጀመሩት እናቶች ደግሞ ሊንኩንም አያገኙት። የእንግሊዝኛ ፈተና የሚያዘጋጀው ካምብሪጅ በሚያወጣው ግምት ከዜሮ ተነስቶ ኤ2 (ቀላል የዕለት ተዕለት ንግግር የሚቻልበት ደረጃ) ለመድረስ ከ180 እስከ 200 ሰዓት ይፈጃል፣ እኛ የምንሰጠው በሳምንት 4 ሰዓት ነው፣ እስቲ አስሉት፣ ሳይቋረጥ እንኳን አንድ አመት ሊሆን ምንም አይቀረው፣ መሀል ላይ ከቆመ ሰዉ የያዛትንም ይረሳና ከኤቢሲዲ ሊጀምር ነው።

የተሰራውን አይታችኋል። ሀኪም ቤት ስትሄድ ልጇን ከትምህርት ቤት አስቀርታ ታስተረጉም የነበረች እናት አሁን ቀጠሮዋን ራሷ ደውላ ታስለውጣለች፤ የመጀመሪያውን ክፍል ውስጥ ላውድ አድርጋ ነው የደወለችው፣ ስፔል አድርጊው ሲሏት ስሟን ፊደል በፊደል ስትነግራቸው ሁላችንም ትንፋሻችንን ውጠን ነበር። የመንጃ ፈቃድ ጽሁፍ ፈተና ያለፉ አሉ፣ ኮሌጅ የገቡም አሉ። እንግዳን መቀበል በክርስትናውም በእስልምናውም የታዘዝነው ነው፣ እኛስ ስንመጣ ፎርም የሞላልን ሰው አልነበረም እንዴ? የሃምሳ ሎሚውን ተረት አንደግመውም፣ ሰልችቷችኋል።

አካውንቱ በቴክስት የላክንላችሁ የኮሚቴው አካውንት ነው፣ አልተቀየረም። በግለሰብ ስም አትላኩ። ሪፈረንሱ ላይ "እንግሊዝኛ ክፍል" ብላችሁ ጻፉ፣ ባለፈው ሳይጻፍ የገባ አለና የላካችሁ ስክሪንሻቱን ለገንዘብ ያዧ አሳዩ። ገንዘብ ያልተመቸው ፕሮጀክተር ወይ ያልተጻፈበት መጽሐፍ ካለው እንቀበላለን፣ ቅዳሜ ጠዋት የሚያስተምር ሰውም እንፈልጋለን። በድጋሚ፣ በቴክስት የደረሳችሁ አካውንት ብቻ፣ ያልደረሰው ይደውልልን፣ የቤቱ ባለቤት መልስ የሚጠብቀው እስከ ወሩ መጨረሻ ነው።

ኮሚቴው