ለሳነቴው ጉዞ ከመነሳታችን በፊት

ሰላም ቤተሰብ! ቅዳሜ በሞተር ሳይክል ከጎባ ተነስተን፣ የባሌ ተራሮችን ከፍተኛ ሜዳ ሳነቴን አቋርጠን ወደ ሐረና ጫካ እንወርዳለን። ባለፈው ያየሁት ስህተት እንዳይደገም ሁለት ሦስት ነገር ልበል።

ዕቃ ቀንሱ። ባለፈው አንዳችን ሦስት ጥንድ ጫማ ጭኖ መጥቶ ነበር (ራሱን ያውቃል)። ከኋላ ከፍ አድርጋችሁ ከባድ ዕቃ ካሰራችሁ የፊት ጎማው ይቀልና መሪው አልታዘዝ ይላል።

ዋናው ጣጣ ግን ቁልቁለቱ ነው። ወደ ሐረና የሚወርደው መንገድ ጠመዝማዛ ኮረኮንች ነው። እኔ ራሴ የወደቅኩት እዚያ ነው። ኩርባው ላይ ደንግጬ የፊት ፍሬኑን ጭምድድ አደረግኩት። ጎማው ተንሸራተተ፣ ክርኔ ተላጠ። ፍሬን የሚያዘው ኩርባው ሳይደርስ፣ ሞተር ሳይክሉ ቀጥ ብሎ ሳለ ነው፤ ያውም ቀስ ተብሎ። ፍሪሲዮን ይዛችሁ አትንከባለሉ፤ በ2ኛ ማርሽ ሞተሩ ራሱ ይያዝላችሁ። ዓይናችሁ ደግሞ ወደ ኩርባው መውጫ ይሁን። ድንጋዩ ላይ ካፈጠጣችሁ ድንጋዩ ላይ ነው የምትወጡት።

የሳነቴ ሜዳ ከ4,000 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ ሞተር ጉልበት ያንሰዋል፣ በተለይ ባለ ካርቡሬተሩ (የነዳጁን መጠን እንደ አየሩ በራሱ የማያስተካክለው)። ተበላሸ ብላችሁ እዚያ ብርድ ላይ መፍታት እንዳትጀምሩ። ጣት ስለሚደነዝዝ ወፍራም ጓንት ያዙ። የባሌ ተራሮች ፓርክ ውስጥ ነን፣ ቀይ ቀበሮ ድንገት ሊያቋርጥ ይችላልና ፍጥነት ይቅር።

ቤንዚን አርብ ማታ ጎባ ሙሉ። መነሻችን ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው፣ ቁርስ ተበልቶ።