«ራዳር አይሳሳትም» ያላችሁ ማነው?

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ስለ ፍጥነት ቅጣት ያወጣችሁትን ዘገባ አነበብኩት። ያመለጠኝ ነገር ይኖር ይሆናል ብዬ ደግሜ አነበብኩት። የለም። ከላይ እስከ ታች የሚለው አንድ ነገር ነው፦ ቅጣት ከመጣባችሁ ቶሎ ከፍላችሁ ተገላገሉ። ምክር መስጠት መብታችሁ ነው። እኔን ያናደደኝ ምክሩ የቆመበት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። «ራዳር ስለማይሳሳት መከራከር ጊዜ ማባከን ነው» ብላችኋል። ይህን ማን ነገራችሁ? በዘገባው ውስጥ የተናገረው ቅጣቱን የሚያስከፍለው ወገን ብቻ ነው። ዳኛ አልተጠየቀም። መሣሪያውን የሚፈትሽ ባለሙያ አልተጠየቀም። መሪ ይዞ የሚውል ሹፌርማ ጭራሽ አልታሰበም።

እኔ የጭነት መኪና ሹፌር ነኝ። ቤተሰቤን የማስተዳድረው በመንጃ ፈቃዴ ነው። ለዘጋቢያችሁ ቅጣት ማለት ተከፍሎ የሚረሳ ገንዘብ ሊሆን ይችላል። ለእኛ ግን ሪከርድ ነው። ሪከርዱ ሲበላሽ አሠሪ ፊቱን ያዞራል፣ ሥራ ይቀራል። ይህ በዘገባችሁ ውስጥ አንድ መስመር እንኳ አላገኘም።

ወደ ራዳሩ ልመለስ። ራዳር ሞገድ ይልካል። ሞገዱ ከሚንቀሳቀስ ነገር ላይ ነጥሮ ሲመለስ ድግግሞሹ ይቀየራል። መሣሪያው ከዚያ ለውጥ ተነስቶ ፍጥነት ያሰላል። በሒሳቡ አልከራከርም፣ ትክክል ነው። ችግሩ ሌላ ነው። ሞገዱ ነጥሮ የተመለሰው ከየትኛው መኪና ነው? የራዳር ሞገድ እየራቀ በሄደ ቁጥር ይሰፋል። 12 ዲግሪ የሚከፈት ሞገድ 300 ሜትር ላይ ሲደርስ ከ60 ሜትር በላይ ይሰፋል። እዚያ ውስጥ ስንት መኪና ይገባል? በሌዘር ጨረር ፍጥነት የሚለካው መሣሪያ በዚህ ይሻላል፣ ጨረሩ ጠባብ ስለሆነ አንዱን መኪና ለይቶ መያዝ ይችላል። እሱም ቢሆን የያዘው እጅ ተንቀሳቅሶ ጨረሩ በመኪናው ጎን ላይ ከተንሸራተተ የተሳሳተ ቁጥር ሊያወጣ ይችላል።

«አይሳሳትም» ላላችሁት ደግሞ ታሪክ ይመልስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1979 ማያሚ ውስጥ የፖሊስ ራዳር ዛፍ ላይ ተደግኖ በሰዓት 86 ማይል አነበበ። የቆመ ዛፍ! እ.ኤ.አ. በ2003 ሜልቦርን ላይ አንድ ካሜራ አሮጌ ዳትሰን በሰዓት 158 ኪሎ ሜትር ስትበር ያዝኳት አለ። የመኪናዋ ባለቤት ዝም ብላ አልከፈለችም። መኪናዋ ስትሞከር 117 ላይ አቅሟ አለቀ። ነገሩ ሲመረመር የዚያ መንገድ ካሜራዎች ተዘጉ፣ ለብዙ አሽከርካሪዎችም ገንዘባቸው ተመለሰ። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ ባልቲሞር ውስጥ ቀይ መብራት ላይ ቆሞ የነበረ መኪና በፍጥነት ተቀጣ። መቆሙን ያሳየው የራሱ የካሜራው ቪዲዮ ነው። እነዚህ ሰዎች የእናንተን ምክር ሰምተው ቢሆን ኖሮ ስህተቱ ዛሬም ይቀጥል ነበር።

የእኔን ልንገራችሁ። ዳገት ላይ ነበርኩ፣ ሙሉ ጭነት ይዤ። እንዲህ ያለ መኪና ዳገት ላይ እንዴት እንደሚያቃስት የነዳ ያውቀዋል። ከጊዜ በኋላ የቅጣት ወረቀት መጣ። የተጻፈውን ፍጥነት መኪናዬ ባዶውን ሜዳ ላይ ቢሄድ እንኳ አይደርስበትም። ፎቶው ይታይልኝ ብዬ ጠየቅኩ። መስኮቱ ጋ ያለው ሰው ወረቀቱን ሳያይ «ሁሉም እንደዚህ ነው የሚለው፣ ክፈልና ሂድ» አለኝ። አልሄድኩም። ፎቶው በስንት ልመና ሲመጣ ሁለት መኪና አለበት። የእኔ በቀኝ፣ አንዲት ነጭ አውቶሞቢል ደግሞ በግራ እየቀደመችኝ። የግራ ፍሬቻዋ እንደበራ ነው፣ የኋላ ጎማዋም መስመሩን ረግጧል። ቁጥሩ የማን እንደሆነ ፎቶው አይናገርም። የመሣሪያው የፍተሻ ማስረጃ የት አለ ብል መልስ የለም። ጉዳዩን የሰማው ሰው ግን ፎቶውን አየና ሰረዘው። እስከዚያ ድረስ አሠሪዬ ከመንገድ አውርዶኝ ነበር። ያ የቀረ ደመወዝ በማን ይተካል? አንድም ሰው ይቅርታ አላለኝም። ከዚያ ሁሉ በኋላ የእናንተ ጋዜጣ መጥቶ ጊዜዬን እንዳባከንኩ ይነግረኛል!

ዘገባችሁ ማለት የነበረበትን እኔ ልበል። ከመክፈላችሁ በፊት ወረቀቱን በደንብ አንብቡት። ቦታው፣ ሰዓቱ፣ ታርጋው፣ የመኪናው ዓይነት፣ የተፈቀደው ፍጥነት ልክ ነው? በብዙ አገር መክፈል ማለት ጥፋቱን ማመን ነው፣ ከከፈላችሁ ክርክሩ ያበቃል። የመቃወሚያ ቀነ ገደብ ደግሞ አለ፣ እንደየአገሩ ይለያያል። ካለፈ የያዛችሁት ማስረጃ የቱንም ያህል ቢጠነክር ማን ያየዋል? ስለዚህ መጀመሪያ ቀኑን እወቁ፣ ከዚያ ተቃውሟችሁን በጽሑፍ አስገቡና ቅጂውን ያዙ። ዋናውን ፎቶ ወይም ቪዲዮ ጠይቁ። መሣሪያው መጨረሻ የተፈተሸበትን ማስረጃ ጠይቁ። የገበያ ሚዛን እንኳ ይፈተሻል፣ ሰው የሚቀጣ መሣሪያ እንዴት አይፈተሽም? የፍጥነት ምልክቱ በቅጠል ተሸፍኖ ከነበረ ሳትውሉ ሳታድሩ ሄዳችሁ ፎቶ አንሱ፣ ቅርንጫፉ ነገ ሊቆረጥ ይችላል። መኪናው ጂፒኤስ ወይም ካሜራ ካለው መረጃው ሳይጠፋ ገልብጡ። በሁለት ካሜራ መካከል በአማካይ ከተለካባችሁ ርቀቱንና ሰዓቱን ወስዳችሁ ራሳችሁ አስሉት። አንድ ኪሎ ሜትር በ36 ሰከንድ ከሄዳችሁ 100 ነው፣ ሌላ ምስጢር የለውም።

የማያዋጣ ክርክርም አለ፣ እሱንም መናገር ይገባል። «ራዳሩ መንገድ ዳር በሰያፍ ቆሞ ነበር» የሚል ብዙ ሰው ሰምቻለሁ። በቆመ ራዳር ሰያፉ ለሹፌሩ ያደላል። 100 የሚሄደውን በ20 ዲግሪ ሰያፍ ሲያየው 94 ገደማ ነው የሚያነበው። «ዳሽቦርዴ ዝቅ አድርጎ አሳየኝ» የሚለውም ብዙ አያስኬድም። የተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንብ ቁጥር 39ን በሚከተሉ አገሮች የፍጥነት መቁጠሪያ ከእውነተኛው ፍጥነት በታች እንዲያሳይ አይፈቀድም። ከልኩ የሚተልቅ ጎማ ካስገባችሁ ግን ዝቅ ሊያደርግ ይችላል፣ ያ ደግሞ የራሳችሁ ዕዳ ነው። ፎቶው ጥርት ያለ፣ መኪናው የእናንተ ብቻ፣ ምልክቱም የሚታይ ከሆነ ክፈሉ። ፍጥነት ቀልድ አይደለም። በእጥፍ ስትፈጥን ፍሬኑ መኪናውን ለማቆም የሚፈጀው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል። ጭነት ይዞ ይህን ያየ ሹፌር ቅጣት ሁሉ ይቅር አይልም። እኔም አላልኩም። እኔ ያልኩት የሚቀጣው ያጠፋው ይሁን ነው።

ክቡር አዘጋጅ፣ «ራዳር አይሳሳትም» የሚለውን ዓረፍተ ነገር አርሙት። እርማቱ ዘገባው በወጣበት ገጽ ላይ፣ በዚያው መጠን ይውጣ። የመቃወሚያ ቀነ ገደቡና ማስረጃ የሚጠየቅበት መንገድም አብሮ ይጻፍ። ዘጋቢያችሁ ለሚቀጥለው ጽሑፍ ሹፌር ማነጋገር ከፈለገ ስልኬ እናንተ ዘንድ አለ።

አንድ የጭነት መኪና ሹፌር